ብር የላከ ተመረቀ፣ አንሶላ ያጠበችስ?

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የቤተሰብ ናቸው። እናት፣ ልጅ፣ አያት፣ ብር፣ ቤት። ሙቀቱ ነው መሰለኝ። ድሬ ግንቦት ሲገባ ሰው ቀን ቀን ከቤት አይወጣም፣ ቤት የዋለ ሰው ደግሞ ያኮረፈበትን ነገር ሁሉ ያስታውሳል። አራት ጥያቄ መርጠናል። የጠያቂዎቹን ስም አናወጣም፣ ሊያሳውቃቸው የሚችለውንም ነገር ቀይረናል። የመጀመሪያው ሰፊ መልስ ስለሚፈልግ ሌሎቻችሁ ቦታ ወሰደብን ብላችሁ እንዳትቀየሙ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። 34 ዓመቴ ነው፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፣ ካረፈ ቆይቷል። ከጡረታው ግማሹ ለእማዬ ይደርሳታል። እማዬን ስትሮክ ከመታት ወዲህ ግራ ጎኗ አይታዘዝላትም፣ አብዛኛውን ቀን አልጋ ላይ ናት። አሸዋ ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ፣ ዘጋኋት። ታላቅ ወንድሜ ጅዳ ነው፣ በየወሩ ብር ይልካል። እህቴ አዲስ አበባ ትዳር ይዛለች፣ ለበዓል ትመጣለች። ወንድሜ ሲደውል እማዬ ስልኩን እየሳመች ትመርቀዋለች። እኔን ሾርባው ቀዘቀዘ ብላ ትቆጣኛለች። ለፋሲካ መጥቶ «ቤቱን ሸጠን እንካፈል፣ እማዬን እህታችን ትወስዳታለች» አለ። እኔስ ብዬ ብጠይቀው «አንቺማ ስንት ዓመት በነጻ ኖርሽበት» አለኝ። ከዛን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ብር የምጠይቅ ስግብግብ ነኝ ወይ?

መልስ፦ አይደለሽም እህቴ። «በነጻ ኖርሽበት» ከሚለው እንጀምር፣ ከቤቱ መሸጥ በላይ ያቃጠለሽ እሱ ይመስለኛል።

ወንድምሽ የሚልከው ብር ቁጥር አለው። ባንክ ይገባል፣ በስልክ መልእክት ይመጣል፣ ይህን ያህል ተብሎ ይወራለታል። አንቺ ሌሊት ስምንት ሰዓት ተነስተሽ እናትሽን ስታገላብጪ ለማንም መልእክት አይደርሰውም። አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል፣ የትኛውም ነርስ የሚናገረው ነው። በድሬ ሙቀት ላይ ደግሞ ላብ አለ፣ ላብ ያራሰው ቆዳ ቶሎ ይላጣል፣ ስለዚህ አንሶላ በቀን አንዴ ቀይሮ መገላገል የለም። የግፊት መድኃኒቷ ሰዓት አለው። ወጧ ጨው መቀነስ አለበት (ሾርባው ላይ የምትቆጣሽ ለዚህም ይሆናል)። የደከመው እጇና እግሯ ተኮማትሮ እንዳይቀር በየቀኑ መንቀሳቀስ አለበት። ይሄ ሁሉ ሥራ ነው። ሰው ተቀጥሮ የሚሠራው ሥራ።

ወንድምሽ ካላመነ አንድ ነገር ያድርግ። ድሬ ያለ ደላላ ጋ ይደውልና «አልጋ ላይ ላለች እናት ቀንም ሌሊትም የምታስታምም ሴት በስንት ትገኛለች» ብሎ ይጠይቅ። መጀመሪያ መገኘቷ ነው። ብትገኝም እሁድ እረፍት ትፈልጋለች። አንቺ እሁድ አርፈሽ ታውቂያለሽ? በዚያ ላይ የዘጋሽውን ሱቅ ይደምርበት። ያንን ሁሉ ደምሮ ከቤት ኪራይ ጋር ያስተያየው፣ ማን በነጻ እንደኖረ ያኔ እንነጋገራለን።

እናትሽ እሱን እየመረቀች አንቺን መቆጣቷን ብዙ ቤት አይቼዋለሁ፣ ክፋት አይደለም። ሩቅ ያለው ልጅ ይናፈቃል። ቅርብ ያለችው ልጅ ለታማሚዋ እንደ ገዛ እጇ ነው የምትሆንባት፣ እጁን ተቀምጦ የሚመርቅ ደግሞ የለም። ስለዚህ ምርቃቱን ከእሷ አትጠብቂ፣ ጉልበትሽ ያልቃል። የድርሻሽን የምትጠይቂው ወንድምና እህትሽን ነው።

ግን ለወንድምሽም ትንሽ ልቁምለት። ጅዳ ላይ እንዴት እንደሚኖር እኔም አንቺም አናውቅም። ብዙዎቹ አንድ ክፍል ለብዙ ተከራይተው፣ ለራሳቸው ሳይበሉ ነው የሚልኩት። በየወሩ የሚልክ ሰው እናቱን የረሳ ሰው አይደለም። እና ደግሞ ሲደውል ምን ትይዋለሽ? «ደህና ነን፣ አታስብ» አይደል? እንዳያስብ ብለሽ ነው፣ ይገባኛል። እሱ ግን ያንን ሰምቶ በቃ ደህና ናቸው ብሎ ዘጋው። ስለዚህ አንድ ወር ደብተር ያዢ። ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሳሽ፣ ለመድኃኒት ስንት ወጣ፣ ሐኪም ቤት በባጃጅ ስንት ጊዜ ተመላለሳችሁ፣ ከሱቁ ምን ይገባ ነበር። ጻፊውና ፎቶ አንስተሽ ላኪለት። አስተያየት አትጨምሪበት።

አሁን ወደ ቤቱ። ወንድምሽ «እንሽጠው» ስላለ ብቻ ቤት አይሸጥም። ቤቱ በትዳር ዘመናቸው የተሠራ ወይም የተገዛ ከሆነ ግማሹ በውርስ ሳይሆን በራሷ መብት የእናትሽ ነው። ለውርስ የሚቀርበው የአባትሽ ግማሽ ብቻ ነው፣ እሱም ኑዛዜ ከሌለ ለልጆቹ እኩል ነው የሚከፈለው። ወንድ፣ ሴት፣ ታላቅ፣ ታናሽ አይልም። የቤት ሽያጭ ደግሞ በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ካልተመዘገበ ዋጋ የለውም፣ እዛ እናትሽ ሳትፈርም፣ አንቺም ሳትፈርሚ አንድ እርምጃ አይሄድም። ስለዚህ ማንም በድንገት አያስወጣሽም፣ ተኚ። (ለሙስሊም አንባቢዎቻችን፦ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የውርስ ስሌቱ ሌላ ነው፣ እዛ የሚኬደው ግን ተከራካሪዎቹ ሁሉ ፈቅደው ሲስማሙ ብቻ ነው።)

የሚያስከፋው ክፍል ግን እዚህ ነው። እኩል ማለት እኩል ነው፣ ማን አስታመመ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለዓመታት ያስታመመችና ለበዓል ብቻ የመጣች ልጅ የሚደርሳቸው ያው ነው። ይሄን ልትለውጥ የምትችለው በራሷ ድርሻ ላይ እናትሽ ብቻ ናት፣ እሱም በኑዛዜ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክር ፊት ተነቦ መፈረም አለበት፣ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃል። ሌሎቹን ልጆች ከነጭራሹ ከውርስ መንቀል ግን ሌላ ነገር ነው፣ ምክንያቱ ኑዛዜው ላይ ካልተጻፈ አይጸናም፣ ደግሞም አልመክርም። እናትሽ ፈልጋ፣ አእምሮዋ ንቁ በሆነበት ሰዓት የምታደርገው ከሆነ አንቺ ከክፍሉ ውጪ ሁኚ። ሰፈር ማዶ ሁኚ። በኋላ «እሷ ናት ያስፈረመቻት» የምትባል ነገር ስንት ወንድምና እህት እንዳቆራረጠች ፍርድ ቤት ደጃፍ ቆሞ ማየት ነው።

ሌላው የብዙ ሰው ጥያቄ ስለሆነ ልጨምረው። በቤተሰብ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ወላጅና ልጅ ቀለብ የመሰጣጠት ግዴታ አለባቸው። ቀለብ ሲባል እንጀራ ብቻ አይደለም፣ መጠለያም ልብስም ሕክምናም አለበት። መጠኑ የሚወሰነው የተቸገረው ሰው የሚያስፈልገውና የሰጪው አቅም ታይቶ ነው። ድሬ ተጠሪነቷ ለፌዴራል ስለሆነ ይሄ ሕግ በቀጥታ ይሠራባታል፣ ሐረሪ ክልል ግን የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለችው እህትሽ «እኔ ባለትዳር ነኝ» ብላ ነጻ አትወጣም። ይሄን የምነግርሽ ክስ እንድትከፍቺ አይደለም። ጥያቄሽ ልመና እንዳልሆነ አውቀሽ እንድትቀመጪ ነው።

መቀመጡ እንዲህ ይሁን። ሦስታችሁም የምታከብሩት አንድ ሰው ጥሩ፣ አክስት ብትሆን ይሻላል፣ ወንድ ሽማግሌዎች ስለ አንሶላ ማውራት አይወዱም። ወንድምሽ በኢሞ ይግባ። እናትሽም ትኑር፣ ስለ እሷ እየተወራ በጎን ክፍል አትተኛ። የት መኖር እንደምትፈልግ መጀመሪያ እሷ ትጠየቅ። ዕድሜዋን ሙሉ እድር የከፈለችው ድሬ ነው፣ የምታውቃት ጎረቤት ያለችው ድሬ ነው፣ አዲስ አበባ ወስደው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቢያስቀምጧት ደረጃውን ማን ያወርዳታል? ክረምቱንስ እንዴት ትቻለው?

ከዚያ የምትፈልጊውን በቁጥር ተናገሪ። «እርዱኝ» አትበይ፣ እርዱኝ ሲባል ሁሉም «እሺ» ይልና ይበተናል። ሱቁን ቢያንስ ግማሽ ቀን ልክፈት፣ ለዛ ግማሽ ቀን ሠራተኛ እንቅጠር፣ ደሞዟን እናንተ ክፈሉ በይ። እህቴ በየሦስት ወሩ አንድ ሳምንት መጥታ ትያዛት፣ እኔ ያን ሳምንት ልረፍ በይ። የሚላከው ብር ለእማዬ ወጪ መሆኑ ይታወቅ፣ ለእኔ ደግሞ በስሜ እቁብ የምጥለው ይቆረጥልኝ በይ። አዎ፣ በስምሽ። አንቺም ታረጃለሽ። ተቀጥረሽ ብትሠሪ ኖሮ 7 በመቶ ከደሞዝሽ፣ 11 በመቶ ከአሠሪሽ ለጡረታ ይገባልሽ ነበር፣ እናት በማስታመም የሚገባ ጡረታ የለም። ወንድምሽ ከተቆጣ ይቆጣ። የተቆጣ ሰው ቢያንስ ሰምቷል።

ጥያቄ፦ ይህን የምታጽፈው አያት ናት፣ የሚጽፈው የጎረቤት ልጅ ነው። ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ነው የምኖረው። ልጄ ቤይሩት ስትሄድ ሕፃኗን ሁለት ዓመቷ ላይ ትታልኝ ሄደች። አሁን ልጅቷ 9 ዓመቷ ነው፣ እኔን እማዬ ትለኛለች፣ እናቷን በስሟ ነው የምትጠራት። ልጄ ለመስከረም መጥታ አዲስ አበባ እወስዳታለሁ ትላለች። በዚያ ላይ «ለትምህርት የላክሁትን ጣራ ሠራሽበት» አለችኝ። ጣራው ያፈስ ነበር፣ ልጅቷ ከሥሩ ነው የምትተኛው። ምን ልበላት?

መልስ፦ እማማ፣ ጤና ይስጥልኝ። የጣራውን ነገር በመጀመሪያ ይጨርሱት፣ እሱ ቀላል ነው። ቆርቆሮው ስንት፣ አናጢው ስንት፣ ደብተሩና ዩኒፎርሙ ስንት እንደፈጀ ያ የጎረቤት ልጅ ይጻፍልዎትና ይላኩላት። ለልጅዎ ሒሳብ ማቅረብ ክብር የሚነካ ይመስላል፣ ግን ሰው ቤት እያገለገለች ያጠራቀመችው ብር ነውና የት እንደገባ ብታውቅ ልቧ ያርፋል። ካወቀች በኋላ ጣራ ሠራሽ ካለችዎ ያኔ ይቆጧት። እኔም አብሬ እቆጣታለሁ።

የልጅቱ ነገር ግን ከባድ ነው፣ አላቃልልብዎትም። እናቷ እናቷ ናት፣ መውሰድ መብቷ ነው፣ እሷም ልጇን ትታ የሄደችው ጨክና አይደለም። ይሁን እንጂ 9 ዓመት የሆናት ልጅ ከመነኻሪያ ተቀብላ የምትወስዳት ዕቃ አይደለችም። ልጅዎ ስትመጣ ወዲያው አትሂድ። እርስዎ ቤት አብራችሁ ሰንብቱ፣ ሁለትም ሦስትም ወር ቢሆን። ሐረር ትምህርት ጀምራ ለግማሽ ዓመቱ እረፍት ብትዛወር የተሻለ ነው። በእነዚያ ወራት ጸጉሯን እናቷ ትሥራት፣ ትምህርት ቤት እናቷ ታድርሳት፣ ሲያማት እናቷ ትነሳ። እርስዎ ሲነሱ የለመደ እግርዎን ይያዙት። ይሄ ለእርስዎ ከሁሉ የሚከብደው ነው፣ ግን ልጅቷ እናቷን የምትለምደው እርስዎ አጠገቧ ሆነው ነው፣ ከእርስዎ ተነጥቃ ከሆነማ ሁለታችሁንም ታጣለች። እማዬ ማለቷን አያስተዋት፣ ለእናቷ ሌላ መጠሪያ ራሷ ትፈልግላት፣ ልጆች ይችሉበታል።

በነገራችን ላይ የልደት ምስክር ወረቀቷን ካላወጡ ከአሁኑ ይጀምሩት፣ ትምህርት ቤት ስታዘዋውሯት ይፈለጋል። እናቷ ስትመጣ የሚከራከሩበት ብዙ ነገር ይኖራል፣ የወረቀት ወረፋ አይጨመርበት።

አንድ ነገር ደግሞ ለልጅዎ ያንብቡላት። ልጅሽን ሰባት ዓመት ያሳደጉልሽን እናት ለበዓል በግ በመላክ አትሸኚያቸውም። አያትና ልጅ በየክረምቱ እረፍት ሐረር እንዲገናኙ አሁኑኑ ቃል ግቢ፣ የመኪናውንም አንቺ ቻይ።

ጥያቄ፦ ድሬ ፋብሪካ እሠራለሁ፣ 26 ዓመቴ ነው። ደሞዜ እንደወጣ ለአባቴ እሰጣለሁ፣ ለታናናሾቼ ትምህርት ይሆናል። እጮኛዬ «መቼ ነው ለእኛ የምታስቀምጠው» ትላለች። አባቴን መጠየቅ አፍራለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አባትህ ምን ያህል እንደሚያገኝ ሳያውቅ የሚያወጣ ሰው ነው፣ ምክንያቱም ሙሉውን እየሰጠኸው የራስህን ወጪ አታሳየውም። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የማይቀያየር አንድ ቁጥር ቁረጥ። ከመቀነስህ በፊት ግን ንገረው፣ ድንገት ካነሰ ሴትዮዋ አስመከረችው ይባላል፣ ገና ሳትገባ ልጅቷን ከቤተሰብህ ታጣላታለህ። «አባዬ፣ ከዚህ በኋላ በየወሩ ይህን ያህል ነው፣ ታናሼ 12ኛ ክፍል እስክትጨርስ አይቀርም» በለው። መጨረሻው የታወቀ ነገር ለእሱም ለአንተም ይቀላል። የቀረውን እቁብ ግባበት፣ ባንክ ካስቀመጥከው «አበድረን» የሚል አጎት አይጠፋም። እጮኛህም ቁጥሩን ትወቀው። ወሪያ፣ ማፈር ጥሩ ነው፣ ግን በማፈር ሠርግ አይደገስም።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ፣ ከዚራ ነው የምኖረው። ልጆቼ ብር የሚልኩልኝ በቴሌብር ነው። እኔ ስለማልችልበት የሚስጥር ቁጥሩን የልጅ ልጄ ነው የያዘው። በቀደም ብር ጎደለ። ልጁን መጠየቅ ከበደኝ፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ፈጢራ የሚያመጣልኝም እሱ ነው።

መልስ፦ አባባ፣ ጎበዝ ልጅም ዳታ ያልቅበታል። አይክሰሱት፣ «ባለፈው የጎደለው ለምን ነበር» ብለው ረጋ ብለው ይጠይቁት፣ ምናልባት ነግሮዎት ረስተውት ይሆናል። ከዚያ ቁጥሩን ይቀይሩ፣ ልጁ አጠገብዎ ሆኖ ያሳይዎት፣ አዲሱን ቁጥር ሲያስገቡ ግን ፊቱን ያዙር። ዘመናዊ ስልክ አያስፈልግዎትም፣ በዚያችው በትንሿ ስልክ *127# ብለው ሲደውሉ ምርጫው ይወጣል። መጀመሪያ ቀሪ ሒሳብ ማየት ብቻ ይልመዱ፣ መላኩ ይደርሳል። ቁጥሩን ካላንደሩ ላይ እንዳይጽፉት፣ የልደት ዓመትዎንም አያድርጉት፣ ልጁ ያውቀዋል። ለማስተማሩ ደግሞ በየሳምንቱ የታወቀች የዳታ ብር ይቁረጡለት፣ እርስዎ ራስዎ ይላኩለት። መለማመጃም ይሆንዎታል።